ጨረሩ ያለፈበት

የአንጎሉ ክሮች ስክሪኑ ላይ ቀስ በቀስ ወጡ። መጀመሪያ ከግንባሩ በኩል ጥቂት አረንጓዴ መስመሮች ብቅ አሉ፤ ወደ ኋላ ተጓዙና ከግራ ጆሮ ከፍ ብሎ ካለው ስፍራ ሲደርሱ እንደ ቀስት ጎብጠው ወደ ታች ታጠፉ። ሌሎች ተከተሏቸው። ጥቂት ቆይቶ በጥንቃቄ የተበጠረ ፀጉር የመሰለ ጥቅጥቅ ያለ ነዶ ሆኑ። ሴትየዋ እጇን ከማውሱ ላይ አንስታ ጭኗ ላይ አሳረፈችው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ዛሬ ነገ እያለች የሸሸችው ነገር ፊት ለፊቷ ተቀምጧል።

ሁለተኛውን ምስል በላዩ ላይ ለመደረብ አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ ይቀራታል። ያ ምስል የዛሬ ሦስት ዓመት በገዛ እጇ የሠራችው የጨረር ዕቅድ ነው፤ ጨረሩ የበረታበት ቀይ፣ የላላበት ቢጫ፣ ያልደረሰበት ባዶ። ተጫነችው። ቀዩ መጥቶ ልክ ቀስቱ ከጎበጠበት ትከሻ ላይ ዐረፈ።

ክፍሉ ምድር ቤት ነው፤ መስኮት የለውም። ከወፍራሙ ግድግዳ ወዲያ የጨረር ማሽኑ ሲዞር የሚያሰማው ድምፅ አልፎ አልፎ በወለሉ በኩል ይመጣል። እዚህ ክፍል ውስጥ አሥራ አምስት ዓመት ሠርታለች። ሐኪሙ ዕጢው የት እንዳለና ምን ያህል ጨረር እንደሚያስፈልገው ይወስናል፤ ጨረሩ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ፣ ምኑን መትቶ ምኑን እንደሚምር የምትሥለው ግን እሷ ናት። በሽተኞቹ አያውቋትም። እሷም የምታውቃቸው ከውስጥ ነው፤ ፊታቸውን ሳይሆን የራስ ቅላቸውን። ባልደረቦቿ «ሚሊሜትር» ብለው ሰይመዋታል፤ ለአንዲት ሚሊሜትር ስትል የበሽተኛው ራስ እንዳይነቃነቅ የሚይዘውን ጭምብል ከተሠራ በኋላ አፍርሳ ታሠራለችና። ባሏንም የመረጠችው በማስመሪያ ለክታ ነው እያሉ ይቀልዱባታል። ስሙን አትጠላውም ነበር። እስከ ዛሬ ጠዋት።

የክሮቹ ምስል ወደ ሆስፒታሉ የመጣው ከስድስት ወር ወዲህ ነው። ነገሩ ሲያስረዱት ቀላል ነው፤ አንጎል ውስጥ ያለው ውሃ የነርቭ ክሮቹን ተከትሎ ይንቀሳቀሳል፤ ምስሉ የውሃውን እንቅስቃሴ ይከታተልና ክሮቹ በየት በኩል እንደሚያልፉ ይገምታል። ከዚያ በፊት አንጎል በፊልም ላይ ግራጫ ሥጋ ነበር። ዕጢው ይታያል፤ በግራጫው ውስጥ ምን እንደሚመላለስ ግን አይታይም። አሁን እጅን የሚያንቀሳቅሰው መንገድ፣ ዓይን ያየችውን የሚያደርሰው መንገድ፣ ቃል ከሐሳብ ወደ አፍ የሚሄድበት መንገድ በየቀለሙ ተሥሎ ይመጣላታል። እስካሁን አሥራ አንድ ሰው ሠርታበታለች። ከሦስት ሳምንት በፊት የጨረሰችው የአንድ መስታወት ቆራጭ ዕቅድ ነበር፤ ዕጢው የቀኝ እጁን ክሮች ተደግፎ ተኝቷል። ጨረሩን አዙራ፣ አጥፋ፣ ከሦስት አቅጣጫ የነበረውን ወደ ሰባት በትና እጁን አተረፈችለት። ሰውዬው ግን ማን እንዳተረፈለት ፈጽሞ አያውቅም።

በዚያ ደስታ መሃል ነበር ያ ሐሳብ የመጣባት። የድሮዎቹ በሽተኞች ምስል ሲነሣ ይኸው የውሃ መረጃ አብሮ ይነሣ ነበር፤ የሚያነበው ሰው አልነበረም እንጂ ፋይሉ ውስጥ ተኝቷል። ፈልፍሎ ማውጣት ይቻላል። ይህን ካወቀች በኋላ አንድ ሰው ከልቧ አልወጣ አለ።

እሱን ያላወቀ በከተማው አልነበረም። የአውቶቡስ መናኸሪያው የድምፅ ማጉያ ተናጋሪ ነበርና ስሙ ተረስቶ «መናኸሪያው» ነበር የሚባለው። እሷ ራሷ በተማሪነቷ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ስታዳምጠው ኖራለች። «ወደ ላይ የምትሄዱ በቁጥር ሦስት፣ ወደ ታች የምትሄዱ በቁጥር ሰባት፤ የምትሄዱበትን ያላወቃችሁ ደግሞ ወደ እኔ ኑ፣ እኔም አላውቅም» ይል ነበር፤ አውቶቡስ የቀረበት መንገደኛ ሳይቀር እየሳቀ ይሰለፋል። ለሕክምና ሲመጣም ያው ነበር። ጭምብሉን ሲያለብሱት መስኮት በኩል ያለ ወንበር ይኖራቸው እንደሆነ ይጠይቃል፤ ሲጨርስ ከማሽኑ ክፍል በር ላይ ቆሞ ተራ ለሚጠብቁት ቀጣዩን ተሳፋሪ ይጠራላቸዋል። ሠላሳ ቀን እንዲህ ተመላለሰ። ዕጢው ጠወለገ። እንኳን ደስ አለህ ተባለ።

ቃላቱ መራቅ የጀመሩት በአምስተኛው ወር ነው። መጀመሪያ የከተሞቹ ስም ጠፋው። ቀጥሎ ቁጥሮቹ። በዓመቱ ማይክሮፎኑን ለሌላ ሰው አስረከበ። የሰው ንግግር ይገባዋል፤ ቀልድ ሲሰማ ዓይኑ ይስቃል፤ ከአፉ የሚወጣው ግን አንድ ቃል ብቻ ሆኖ ቀረ። «እንግዲህ» ይላል። ሲርበውም፣ ሲያመሰግንም፣ ሲያዝንም «እንግዲህ» ነው።

ያኔ ዋና ሐኪሙ በሽታው ነው አሉ፤ እሷም አመነች። አሁን ስክሪኑ የሚነግራት ሌላ ነው። ዕጢው ክሮቹን ወደ ላይ ገፍቷቸዋል እንጂ አልነካቸውም። እሷ ግን ዕጢው አምልጦ እንዳይቀር ለጥንቃቄ ብላ ዙሪያውን አንድ ሴንቲ ሜትር ጨምራ ቀይ ቀባች። አንድ ሴንቲ ሜትር፤ ደንቡ የሚለው ያንኑ ነበር። መንገዱ ያለፈው እዚያች ጥንቃቄ ውስጥ ነው።

ማድረግ የሌለባትን አደረገች። ሥራዋን ወደ ጎን ትታ ለመናኸሪያው አዲስ ዕቅድ መሥራት ያዘች። ክሮቹን አጠረቻቸው፤ ጨረሩን ከታችና ከጎን አስገባችው፤ በላይ በኩል ያለውን ጠርዝ እንደ ጥፍር ቆረጠችው። ሁለት ሰዓት ፈጀባት። ሲያልቅ ክሮቹ ላይ የሚደርሰው ጨረር ከግማሽ በታች ወርዶ ዕጢው የሚገባውን ያህል አግኝቶ ነበር። ዕቅዱ ውብ ነው። ከሠራቻቸው ሁሉ ውብ ሳይሆን አይቀርም። ምንም ዓይነት ማሽን ግን አይፈጽመውም፤ ሕክምናው የዛሬ ሦስት ዓመት በሌላው ዕቅድ ተፈጽሟል።

የቀጠሮ ዝርዝሩን ከፍታ አየች። ስሙ አለ፤ በየሦስት ወሩ የሚመጣበት ቀን ዛሬ ነው። ይህን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም ፋይሉን ዛሬ የከፈተችው፤ ለራሷ ግን አላውቅም ነበር አለች።

ምስሉን ወረቀት ላይ አትማ ያዘችና ሊፍቱን ትታ በደረጃ ወጣች። ላይኛው ኮሪደር ላይ መናኸሪያው ከግድግዳው ጥግ ተቀምጦ ሰዎች ሲያልፉ ይመለከታል። ኮቱ ንጹሕ ነው፤ አንገቱ ላይ ያለው ቁልፍ ሳይቀር ተቆልፏል። ጎኑ ያለችው ሚስቱ በዕድሜ እኩያዋ ብትሆን ነው። ጣቶቿ ጫፍ ላይ የመርፌ ጠባሳ አለ፤ የተማሪዎች የደንብ ልብስ ሰፊ መሆኗን ከመዝገቡ ታውቃለች። ነጭ ጋዋኗን ዐይታ ነርስ መሰለቻትና ዶክተሩ ገብተው እንደሆነ ጠየቀቻት። ገብተዋል አለቻት። ማለፍ ይገባት ነበር። ከሚስትየዋ ጎን ያለው ወንበር ባዶ ነበርና ተቀመጠች።

ሚስትየዋ ሰው ያገኘች መስሏት አወራች፤ ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ታሪኩን ብዙ ጊዜ ለራሷ የነገረች ሰው ድምፅ ነው። ራስ ምታቱ የጀመረው ትምህርት ቤት ሊከፈት ሁለት ወር ሲቀረው ነበር። ቤቷ እስከ ጣሪያው በጨርቅ ተሞልቷል። ባሏ ራሴን አለ፤ ቀኑን ሙሉ ድምፅ ማጉያ ሥር እየዋልክ ምን ይደረግ ብላ ክኒን ሰጠችው። ደግሞ ራሴን አለ፤ ደግማ ሰጠችው። ሆስፒታል ያመጣችው የመጨረሻውን ቀሚስ ካስረከበች በኋላ ነው። ቃሉ ሲጠፋ ዋና ሐኪሙ ምን እንዳሏት ታስታውሳለች፤ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ ነበር ያሉት። በክፋት አይደለም፤ በእግረ መንገዳቸው ነው የተናገሩት። ዓረፍተ ነገሩን እንኳ አልጨረሱትም።

«እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ስጨርሰው እኖራለሁ» አለች። «መርፌዬ ውስጥ ክር ሳስገባ እጨርሰዋለሁ። ሲተኛ ዐይቼው እጨርሰዋለሁ።»

መናኸሪያው ወደ ሚስቱ ዞረ። ምን እየተወራ እንደሆነ ገብቶታል። እጁን ከፍ አድርጎ ወዲያና ወዲህ አወዛወዘ፤ እንዲህ አይደለም የሚል ይመስላል፤ ሚስቱ ግን ዝንብ የሚያባርር መስሏት መስኮቱን ዘጋች።

ዋና ሐኪሙ ጡረታ ሊወጡ የወራት ዕድሜ የቀራቸው ሰው ናቸው። እሷን ከትምህርት ቤት እንደወጣች የተቀበሏትና ያሠለጠኗት እሳቸው ናቸው። የታተመውን ምስል ጠረጴዛቸው ላይ ስታኖርላቸው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ለረጅም ጊዜ አዩት። ፊታቸው አልተለወጠም፤ ወረቀቱን የያዙበት አውራ ጣታቸው ግን ነጣ።

ያኔ ይህን ማየት እንደማይቻል ነገሯት። ደንቡን ተከትላ መሥራቷን፣ ፊርማቸውም ከሥሩ እንዳለ ነገሯት። ያኔ ያላዩትን ዛሬ ማየት ዕውቀት ነው እንጂ ጥፋት አይደለም አሉ። እሷ ለሁሉም እሺ አለች። ሚስትየዋን ልትነግራት እንደምትፈልግ ስትናገር ግን ወረቀቱን አስቀመጡት።

«ብትነግሪያት ምን ታተርፊያለሽ?»

«እኔ አላተርፍም ዶክተር። እሷ ታተርፋለች።»

ዋና ሐኪሙ ተነሥተው በሩን ዘጉ። በቁጣ አልተናገሩም። ኮሪደሩ ላይ ያሉትን በሽተኞች እንድታስብ ነገሯት፤ ጨረር የሰው ቃል በላ የሚል ወሬ ከዚህ ቤት ከወጣ ነገ ማሽኑ ሥር አልተኛም የሚል ይኖራል፤ ያልተኛው ደግሞ ይሞታል። እሳቸው ስንቱን እንደቀበሩ ታውቃለች። መናኸሪያው አፉ ቢያዝም በእግሩ ይሄዳል፣ ይበላል፣ የልጁን ሰርግ ዐይቷል። ደግሞም እንዲህ ያለ ነገር በኮሚቴ ነው የሚታየው፤ ኮሚቴው በሚቀጥለው ወር ይሰበሰባል፤ እሳቸው ራሳቸው ያቀርቡታል። እስከዚያ እንድትታገሥ ለመኗት። «ልጄ» ብለው ነው የለመኗት።

እሺ ብላ ወጣች። ከአፏ የወጣው በልማድ ነው። ደረጃው አናት ላይ ስትደርስ ግን መውረድ አልቻለችም፤ የደረጃውን መደገፊያ ይዛ ቆመች። ዋና ሐኪሙ ያሉት ውሸት የለበትም። ወሬው ይወጣል። የሚፈራም ይኖራል። ይህንን በሚዛን አስቀምጣ በወዲያኛው ምን እንደምታስቀምጥ አሰበች፤ አንዲት ሴትና አንድ ያላለቀ ዓረፍተ ነገር። አይመዝንም። ቁጥር ለሚያውቅ ሰው ጭራሽ አይመዝንም።

ከኋላዋ በር ተከፈተ። ባልና ሚስቱ ጨርሰው መውጣታቸው ነው፤ ምርመራው አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ሚስትየዋ የቀጠሮውን ካርድ ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች። ሌላ ሦስት ወር። እስከዚያ ስንት ጊዜ መርፌ ውስጥ ክር ታስገባለች?

«እህቴ» አለቻት። «አንዴ ከእኔ ጋር ወደ ታች ትወርዳላችሁ?»

ምድር ቤቱ ክፍል ውስጥ ሁለት ወንበር ብቻ ነው ያለው። ባልየው ተቀመጠ፤ ሚስትየዋም ተቀመጠች፤ እሷ ቆመች። ሰው እዚህ ገብቶ ስለማያውቅ የት እንደምትቆም እንኳ ጠፋት። በደረጃው ላይ ያዘጋጀችው ንግግር ነበር፤ ሁሉንም ተወችውና ስክሪኑን አበራች።

አረንጓዴው የእሱ ንግግር የሚመላለስበት መንገድ መሆኑን ነገረቻቸው። ግራጫው እብጠት ዕጢው ነው፤ ያኔ የነበረበት ቦታ። መናኸሪያው ወንበሩን ስቦ ተጠጋ። የራሱን የውስጥ መንገድ በዓይኑ ሲያይ የመጀመሪያው ነው፤ የአውቶቡስ መስመር ካርታ በሚያይ ሰው ዓይን ያየዋል፣ የት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ። ከዚያ ቀዩን አመጣችው።

ሚስትየዋ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለች። «ይኼ ቀዩስ?»

«ጨረሩ ነው።»

«እዚህ ጋ እኮ ደርቦበታል።»

«አዎ። ቃሉን የወሰደበት እሱ ነው።»

«ማን ነው እዚህ ያደረገው?»

«እኔ ነኝ» አለች። «ያኔ መንገዱ አይታየንም ነበር። የሠራሁት ግን እኔ ነኝ።»

ማሽኑ ከግድግዳው ወዲያ አንዴ ዞሮ ቆመ። ሚስትየዋ ሁለት እጆቿን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ የሌለ ጨርቅ ታስተካክላለች። ይህ ምስል ያኔ ቢኖር ባሏ ዛሬ ይናገር እንደነበር ጠየቀች። ሳይናገር እንደማይቀር፣ እርግጡን ግን ማንም ሊነግራት እንደማይችል መለሰችላት። 

«ቀድሜ አምጥቼው ቢሆንስ?»

«ሁለት ወር ቀደም ብለሽ ብታመጪውም ዕጢው ያው ቦታ ላይ ነበር። እኔም ይኼንኑ እሥል ነበር።»

ትወቅሰኛለች ወይም ታለቅሳለች ብላ ነበር የጠበቀቻት፤ ወይም አንዳንዴ ሸክም የወረደለት ሰው እንደሚያደርገው ትተነፍሳለች ብላ። ሴትየዋ አንዱንም አላደረገችም። ዓመታት አቅፋ የኖረችውን ነገር ሰው ከእቅፏ ወስዶባት ክንዶቿን የት እንደምታደርጋቸው የጠፋት ትመስላለች። ባልየው ግን ጣቱን አንሥቶ ስክሪኑ ላይ አኖረ። ከግንባሩ ጀምሮ አረንጓዴውን ተከትሎ ሄደ፤ ቀዩ ጋ ሲደርስ ቆመ። እዚያው ጥቂት ቆይቶ «እንግዲህ» አለ። ከዚያ ያንኑ ጣቱን ወደ ሚስቱ አዙሮ፣ ጉንጯን ነክቶ፣ ራሱን በአሉታ ነቀነቀ። አንቺ አይደለሽም። በዚህ ጊዜ ዝንብ አልመሰላትም።

«ሲነግረኝ ነበር» አለች ሚስትየዋ፤ ለማን እንደምትናገር አይታወቅም። «ይኼን ሁሉ ጊዜ ሲነግረኝ ነበር። አልሰማ አልኩት እንጂ።»

ዕቅዱን የሠራችው ሴት ይቅርታ የሚለውን ቃል አፏ ውስጥ ይዛው ነበር፤ አሁን አወጣችው። አንሶ ወጣ። ሚስትየዋ ቀና ብላ አየቻት፤ ዓይኖቿ ደርቀዋል።

«እሱን አስቀምጪው» አለች። «ዛሬ የምቀበልበት ልብ የለኝም። ይልቅ ወረቀት አለሽ?»

ወረቀቱ ለምን እንደሆነ አስረዳቻት። የባሏ እናት ከሁለት ዓመት ወዲህ ደጇን ረግጠው አያውቁም። ልጄን በጨርቅ ሸጠችው ብለው ለዘመድ ሁሉ ተናግረዋል፤ በልጅ ልጃቸው ሰርግ ላይ እንኳ ከሷ በተቃራኒው ጥግ ነው የተቀመጡት። እሷም አልመለሰችላቸውም፤ እውነታቸውን ነው ብላ። አሁን ሄዳ ብትነግራቸው ደግሞ አያምኗትም። በጽሑፍ የሠፈረ ነገር ግን ያምናሉ፤ ማኅተም ባይኖረው እንኳ ስምና ፊርማ ካለው ያምናሉ።

ከመሳቢያው ወረቀት አወጣች። በእጅ የተጻፈና በስሟ የተፈረመ ቃል ከዚህ ክፍል ሲወጣ ኮሚቴው የሚሰበሰበው በሌላ ጉዳይ፣ በእሷው በራሷ ላይ፣ እንደሚሆን ታውቃለች። ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልክ ጠራ። ቁጥሩ ከላይኛው ፎቅ ነው፤ አንድ ሰው ሲወርዱ ዐይቷቸዋል ማለት ነው። እስኪያበቃ ሦስቱም አዳመጡት። ከዚያ እስክሪብቶዋን አነሣች። ለታካሚው የተሰጠው የጨረር ሕክምና የንግግር ክሮችን በመጉዳቱ የመናገር ችሎታው ሊታጣ ችሏል ብላ ጻፈች፤ አሥራ አምስት ዓመት የጻፈችው እንዲህ ነው። ለሴትየዋ አነበበችላት።

«ማን ሰጠው?» አለች ሴትየዋ። «እዚህ ላይ ሰው የለበትም እኮ።»

ወረቀቱን ገልብጣ አስቀመጠችና ሌላ ሳበች። በዚህኛው መጀመሪያ የገባው ቃል «እኔ» ነው። ቀጥሎ ሙሉ ስሟን ከነአያቷ ጻፈች። ሚስትየዋ በትከሻዋ በኩል ጎንበስ ብላ ትከታተላታለች፤ የትንፋሿ ሙቀት አንገቷ ላይ ይደርሳል።

«ጎላ አድርጊው» አለቻት። «ዓይናቸው ደክሟል። የልጃቸውን ነገር ደግሞ ሰው እንዲያነብላቸው አይፈልጉም።»

ሦስተኛ ወረቀት አወጣች። ፊደሎቹን አንድ በአንድ፣ ሰፋ ሰፋ አድርጋ፣ ከላይኛው ጥግ ጀመረች። ስልኩ እንደገና መጥራት ጀመረ።